ላክቶሜትርም አልኮልም ያለፈ ወተት ማቀነባበሪያው በር ላይ ለምን ይመለሳል?

ሰብሳቢ_ከሰላሌ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማኅበራችን በቀን 600 ሊትር ገደማ ይሰበስባል። እያንዳንዱን ካን በላክቶሜትር (የወተት ክብደት መለኪያ) እንለካለን፣ ከመድኃኒት ቤት በምንገዛው ባለ 70 ፐርሰንት አልኮል ይቋጠር እንደሆነ እንፈትሻለን፤ ያላለፈ ታንክ ውስጥ አይገባም። የማታው 200 ሊትር በ6 ዲግሪ ያድራል፣ ጠዋት 400 ሊትር ይጨመርበትና 3 ሰዓት ላይ ይጫናል። ማቀነባበሪያው ግን በሳምንት አንዴ ሁለቴ «አልኮል አላለፈም» እያለ ሙሉ ጭነት ይመልሳል። ስህተቱ የት ነው? ደግሞ «ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ አድርጉበት፣ አይኮመጥጥም» የሚሉን አሉ። ሕጉ ይፈቅዳል?

ላብ_ቢሾፍቱ፦
መጀመሪያ ማቀነባበሪያው ባለ ስንት አልኮል እንደሚጠቀም ጠይቁ። አልኮሉ በጠነከረ ቁጥር ፈተናው ይከብዳል፤ በባለ 68 ያለፈ ወተት በባለ 75 ሊቋጠር ይችላል። የእናንተ ደግሞ ባለ 70 ተብሎ የተገዛ ይሁን እንጂ ክዳኑ ሲከፈት ሲዘጋ ስለሚተን ዛሬ ስንት እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ሳይደክም አልቀረም። በአልኮል መለኪያ 20 ዲግሪ ላይ ለኩት። ቀለም ወይም ግሊሰሪን ያለበትን የእጅ ማጽጃ ከነጭራሹ አትጠቀሙ።

ባለ 96 አልኮል ካገኛችሁ ባለ 75 ለማዘጋጀት 78 ሚሊ ሊትር ቀድታችሁ በተጣራ ውሃ እስከ 100 ምልክት ሙሉት። 22 ሚሊ ሊትር ውሃ ለክታችሁ አትጨምሩ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ መጠናቸው ስለሚቀንስ 100 አይሞላም። ከዚያ 2 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 2 ሚሊ ሊትር አልኮል በመፈተሻ ቱቦ፤ ቀስ ብላችሁ ሁለት ሦስቴ ገልብጡት እንጂ አትነቅንቁት። የቱቦውን ግድግዳ ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩ፦ ደቃቅ ፍርፋሪ ከያዘ ወድቋል። ብዙ ሰው ትልቅ እብጥ ካላየ ያሳልፋል፤ ችግሩ የሚያልፈው እዚያ ላይ ነው።

የወደቀ ካን ሁሉ ኮምጥጧል ማለትም አይደለም። አሲዱን ለኩ፦ 9 ሚሊ ሊትር ወተት፣ ጥቂት ጠብታ ፌኖልፍታሊን (ቀለሙ የሚለወጥ ጠቋሚ)፣ ከዚያ 0.1 ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ የማይጠፋ ቀላ ያለ ሮዝ እስኪሆን። የገባው እያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 0.1 ፐርሰንት አሲድ ማለት ነው። ጤነኛ ወተት ከ1.4 እስከ 1.8 ይወስዳል። 2 ከደረሰ ወተቱ ኮምጥጧል፤ ጥፋቱ የንጽሕና ወይም የማቀዝቀዝ ነው። 1.6 ሆኖ አልኮል ላይ ከተቋጠረ ግን ወደ ላሟ ሂዱ፦ የጡት በሽታ ይዟታል፣ ልትነጥፍ ተቃርባለች፣ ወይ መኖዋ የማዕድን ሚዛኑን አዛብቶታል። እንገር ያልጨረሰች ላም ወተትም ይቋጠራል፤ እሱ ግን ሳይኮመጥጥም አሲዱን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ መቼ እንደወለደች ጠይቁ። ለእንዲህ ዓይነቱ ገበሬ «ዕቃህን እጠብ» ብትሉት ምንም አይለወጥም።

መለኪያ_ብቻ፦
ላክቶሜትሩ መኮምጠጡን አያይም፤ የሚያየው ክብደት ነው። እሱም ቢሆን የተሠራው ለ20 ዲግሪ ከሆነ ወተቱ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ 27 ሲያነብ እውነተኛው 28 ነው፤ ከ20 በላይ በየዲግሪው 0.2 ጨምሩ። አሁን ታልቦ አረፋው ያልበረደ ወተት ዝቅ ብሎ ስለሚነበብ ሰውን ያለ ጥፋቱ ሌባ ያስብላል። በተቃራኒው ቅባቱ ተገፎ ውሃ የተጨመረበት ወተት በትክክለኛው ቁጥር ላይ ሊቆም ይችላል። ይህን የሚይዘው የቅባት ፈተና ነው።

ታንክና_ካን፦
እኔ ግን አልኮሉ ላይ ብቻ አልቆምም። ሂሳቡን እዩት፦ 200 ሊትር በ6 ዲግሪ ላይ 400 ሊትር በ28 ዲግሪ ስትደፉበት ድብልቁ ከ20 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ሌሊቱን ሙሉ የጠበቃችሁት የማታ ወተት በአንድ ጊዜ ይሞቃል፣ ውስጡ የነበረው ጀርም ሁሉ ይነቃል። የአሜሪካኖቹ ደንብ ድብልቁ ከ10 ዲግሪ እንዳያልፍ የሚያዝዘው ለዚህ ነው። የማታውን መቀበል አታቁሙ፤ የጠዋቱን ግን ካኑን እስከ አንገቱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ፣ በንጹሕ ማማሰያ እያማሰላችሁ አቀዝቅዙና አንድ በአንድ ጨምሩ። ለመጫን አትቸኩሉ፤ ከደፋችሁ በኋላ ታንኩ 4 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቁ።

ጀሪካን የሚያመጡ ካሉ ደግሞ ተዉ በሏቸው። አፉ ጠባብ ነው፣ እጅ አይገባም፣ መያዣው ባዶ ቦታ ውስጥ የቀረ ወተት ይሸታል። አሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ካን ይሁን። አስቀድሞ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ይለቅለቅ፤ የፈላ ውሃ ቀድሞ ከገባ ፕሮቲኑ ግድግዳው ላይ ይጋገራል። ቀጥሎ ሙቅ ውሃና ሳሙና በብሩሽ፣ ማለቅለቅ፣ በመጨረሻ በሊትር ውሃ 4 ሚሊ ሊትር ባለ 5 ፐርሰንት በረኪና፣ ከዚያ አፉን ደፍቶ ማድረቅ። የወይራ ጭስ ለእርጎ ዕቃ ድንቅ ነው፤ ያልታጠበ ካን ግን አያጸዳም።

ሕግና_ወተት፦
ፐርኦክሳይዱን ተዉት። የተበረዘ ምግብ ለገበያ ማቅረብ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው። የኮዴክስ (ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ) የ1991 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ የሚፈቅደው ላክቶፐርኦክሲዴዝ የሚባለውን፣ ወተቱ ውስጥ ያለውን ኢንዛይም የሚያነቃቃውን ዘዴ ነው፤ ማቀዝቀዣ በማይደርስበት ቦታ ብቻ፣ በሰለጠነ ሰው፣ በሊትር 14 ሚሊ ግራም ሶዲየም ታዮሳያኔትና 30 ሚሊ ግራም ሶዲየም ፐርካርቦኔት። 30 ዲግሪ ላይ 7 እስከ 8 ሰዓት ያቆያል። እናንተ ታንክ ስላላችሁ አይመለከታችሁም። የፐርኦክሳይድ ጠብታ ከዚህ ጋር አንድ አይደለም፤ ማቀነባበሪያው ካገኘው ደግሞ ጭነት በመመለስ ብቻ አያበቃም።

በር ላይ የማይታዩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም ወተት በመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ የተጻፈው ቀን ሳይሞላ አይግባ፤ እርጎ እንዳይረጋ ያደርጋል። አፍላቶክሲንም (ከሻገተ መኖ ወደ ወተት የሚገባ መርዝ) ማፍላት አያጠፋውም፣ ፓስቸራይዝ ማድረግም አያጠፋውም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ለአዲስ አበባ ወተት በሚያቀርበው አካባቢ ተሠርቶ በታተመ ጥናት ከ110 ናሙና ከአውሮፓ ገደብ በታች የተገኘው 9 ብቻ ነበር፤ ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ነው። የሻገተ ፋጉሎ በፀሐይ ማስጣት መርዙን አያወጣም።

ሰብሳቢ_ከሰላሌ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማቀነባበሪያው ባለ 75 ነው የሚጠቀመው፤ እኛ ጋ ያለው ተለክቶ 66 ወጣ። አሁንስ ቢመልስ በምን እንከራከር?

ላብ_ቢሾፍቱ፦
ከጭነቱ በፊት ሹፌሩ ባለበት ታንኩን 5 ደቂቃ አማስላችሁ ሁለት ናሙና ውሰዱ። ሁለቱንም አሽጉ፣ ቀን፣ ሰዓትና ዲግሪ ጻፉ፣ አስፈርሙ፤ አንዱ በበረዶ ሣጥን ከጭነቱ ጋር ይሂድ፣ ሌላው ፍሪጅ ይቅር። ጭነቱ ወድቆ ናሙናው ካለፈ የተበላሸው መንገድ ላይ ነው። ውሉ ላይ ደግሞ የአልኮሉ ፐርሰንት በቁጥር ይጻፍ፤ «አልኮል ያለፈ» ብቻ ከሆነ ነገ ባለ 80 ቢያመጡም መልስ የላችሁም።