ለክርስትናና ለእንቁጣጣሽ የአበባ ራስ ማሰሪያ ቤት ውስጥ የሠራችሁ አላችሁ?

የማሂ እናት

ሰላም እናቶች። ትንሿ ልጄ ነሐሴ መጨረሻ ላይ 80 ቀን ሞልቷት ክርስትና ትነሳለች። ትልቋ ማሂ አምስት ዓመቷ ነው። ከጓደኞቿ ጋር አበባየሆሽ ልትጨፍር ከአሁኑ እየተዘጋጀች ነው። ለሁለቱም አበባ ያለው የራስ ማሰሪያ፣ ያው ሄርባንድ የምንለውን፣ ፈልጌ ነበር። ቡቲክ ያየሁት ዋጋው አይቀመስም። ላስቲኩም ደረቅ ነው፤ አበባው መሃል ላይ በሙጫ የተለጠፈ ዶቃ አለበት። የድግሱ ወጪ ስላለብኝ በትንሽ ብር ልሠራው አስቤያለሁ። የስፌት መኪና የለኝም፤ በእጅ ግን እሰፋለሁ። ከምን ልጀምር?

ሰፊዋ ከሽሮ ሜዳ

እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ! እኔ የሐበሻ ቀሚስ ሰፊ ነኝ። ከስፌት የሚተርፈኝን ቁርጥራጭ ለልጆች አበባ አደርገዋለሁ። እንዲያውም የክርስትና ቀሚሷን የሰፋላትን ሰው የተረፈ ጥለት ካለው ጠይቂው። ብዙዎቻችን በነፃ እንሰጣለን። ከልብሷ ጋር አንድ ሆኖ ሲታይ እንዴት እንደሚያምር!

ማሰሪያው ከአበባው ይበልጣል። ለጨቅላ ላስቲክ ባትገዢ ደስ ይለኛል። እግሩ ጋ የተተለተለ ስቶኪንግ አይጠፋሽም። ከጭኑ በኩል፣ ካልተተለተለው ቦታ፣ 4 ሴንቲሜትር ስፋት አድርገሽ ወደ ጎን ቁረጪው። ራሱ ቀለበት ሆኖ ይወጣል። ሳብ ሳብ ስታደርጊው ጠርዙ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል። መጋጠሚያ ስፌት ስለሌለው የሚቆረቁራት ነገር የለም። አድርገሽላት ጣትሽ ከሥሩ በቀላሉ ይግባ። ስታወልቂው ግንባሯ ላይ ቀይ መስመር ከቀረ ጠብቋታልና ሌላ ዙሪያው ሰፋ ያለ ቁረጪ።

የጥለቱ አበባ እንዲህ ነው። 5 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 40 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ውሰጂ። ርዝመቱ 40 እንደሆነ ይቅር፤ ስፋቱን ሁለት እጠፊው። ክፍት በሆነው ጠርዝ በኩል ረዘም ረዘም ባለ ስፌት ሂጂበት፣ ከዚያ ክሩን ሳቢ። ተሸብሽቦ ይከባል። ሁለቱን ጫፍ አጋጥመሽ ስፊ። መሃሉ ላይ ዶቃም ቁልፍም አታድርጊ፤ ተነቅሎ አፏ ከገባ ያንቃታል። ወፍራም ክር ደጋግመሽ ቋጥረሽ መሃሉን ሙዪው። ከጀርባው ክብ ለስላሳ ጨርቅ ስፊበት፣ ቋጠሮው እንዳይነካት። ሙጫውንም ተዪው። ሕፃን ያቀረሻል፣ ማሰሪያው መታጠብ አለበት። በክር የተሰፋ አበባ ውኃ አይፈታውም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ለጥምቀቱ ራሷ ባዶ ይሁን። ልብሷም ይወልቃል፣ ግንባሯም ሜሮን ይቀባል። ማሰሪያውን ለድግሱና ለፎቶው አድርጊላት።

የአዳማ አባት

ሥራው ጥሩ ነው፤ ግን የ80 ቀን ልጅ ራስ ላይ ማሰር ምን ያስፈልጋል? እርግብግቢቷ ገና ነው። ነጠላ መች አነሳት?

ሰፊዋ ከሽሮ ሜዳ

ስጋትህ ገብቶኛል ልጄ። ለዚህ ነው ስቶኪንግ ያልኩት። አበባውም ከ6 ሴንቲሜትር ባይበልጥ፣ ወደ ጎን ቢሆን፣ እርግብግቢቷ ላይ አያርፍም። ዋናው እንቅልፍ ነው። ስትተኛ፣ መኪና ውስጥ፣ ወይም አጠገቧ የሚያያት ሰው በሌለበት ጊዜ ይውለቅ። ተንሸራቶ አፍንጫዋ ላይ ወይም አንገቷ ላይ ሊወርድ ይችላል። በድግስ ቀን ልጅ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ስለዚህ አክስቶቿንም አስጠንቅቂ።

የማሂ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ፣ እንዲህ ዘርዝሮ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስቶኪንጉ ቤት አለ፤ ጥለቱንም ሰፊያችንን እጠይቃለሁ። ለማሂስ? እሷ የምትፈልገው አደይ አበባ ነው። እውነተኛውን ብሰካላት ይሻላል?

ሰፊዋ ከሽሮ ሜዳ

እውነተኛው አደይ ቶሎ ይጠወልጋል። ጭፈራው ሳያልቅ ይረግፍባታል። ቢጫ የሳቲን ጨርቅ ወይም ሰፋ ያለ ሪቫን ከመርካቶ ትንሽ አስቆርጠሽ ግዢ፤ ሩብ ሜትር ጨርቅ ለእሷም ለጓደኞቿም ይበቃል። 6፣ 5 እና 4 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው ክቦች ቁረጪ። ጠርዛቸውን አራት አምስት ቦታ ወደ መሃል ሰንጠቅ አድርጊ። ከዚያ ጠርዙን ሻማ አጠገብ ያዢው። ከእሳቱ አናት ላይ ሳይሆን ከጎኑ፤ ከላይ ከያዝሽው ጥላሸት ያጠቁረዋል። ሳቲኑ ሰው ሠራሽ ከሆነ ቀለጥ ብሎ እንደ አበባ ቅጠል ይጠቀለላል፣ ክሩም አይተረተርም። ጥጥ ከሆነ ግን ይቀጣጠላል። ስለዚህ በቅድሚያ በትንሽ ቁራጭ ሞክሪ፣ ውኃም አጠገብሽ ይኑር። ማሂ ክቦቹን ትደርድርልሽ፣ ሻማው ጋ ግን አትቅረብ። ሦስቱን ደራርበሽ መሃሉን በብርቱካንማ ክር ስፊው።

ለእሷ ለስላሳ ላስቲክ ይሆናል። ራሷን በሜትር ለኪ፣ 50 ከሆነ 48 ቁረጪ። ጫፎቹን አንድ ሴንቲሜትር ደርበሽ ስፊና መጋጠሚያውን አበባው ሥር ደብቂው።

የዋዜማው ችቦ ሲለኮስ ግን ይውለቅላት። ሳቲንም ቬሎም ብልጭታ ከነካው ወዲያው ይቀልጣል፣ ፀጉርም ላይ ይጣበቃል። ለጭፈራው ጠዋት አድርጊላት።

የማሂ እናት

ችቦውን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር። ቅዳሜ መርካቶ እሄዳለሁ። ሲያልቅ ፎቶውን እዚሁ እለጥፋለሁ፣ እርማት ካለው ይነግሩኛል።