አስቸኳይ፦ ዎልፔፐሩ ግማሹ ተላጠ፣ ግማሹ አልላጥ አለ፤ እሑድ ሽማግሌ ይመጣል (ሐዋሳ)

የአቶቴዋ (ሐሙስ፣ ማታ 2፡40)
ሰላም ናችሁ ቤተሰቦች? አስቸኳይ ነው። የሳሎናችንን የድሮ ዎልፔፐር ልላጥ ብዬ ዛሬ ከሰዓት ጀመርኩ። ከላይ በኩል እንደ ሙዝ ልጣጭ ወረደልኝ። ደስ ብሎኝ ቀጠልኩ። መሀል ላይ ስደርስ እምቢ አለ። አበባው ያለበት የላይኛው ይነሳል፣ ከሥሩ ነጩ ወረቀት ተጣብቆ ይቀራል። አሁን ግድግዳው ዥንጉርጉር ሆኗል። እሑድ ጠዋት ለእህቴ ሽማግሌ ይመጣል። አባቴ ይርጋለም ነው፣ ነገ ማታ ይመለሳል፤ ይህን ጉድ ገና አላየም። ፕላስቲክ ቀለም ገዝቻለሁ። ዝም ብዬ ልቀባበት?

ሚጣ
የፈላ ውሃ! ላርጎ ጠብ አድርጊበትና በስፖንጅ አርሺው። 15 ደቂቃ ጠብቂ፣ ከዚያ በስፓቱላ ፋቂው። እኛ ቤት እንደዚያ ነው የለቀቀው።

ባለ ባጃጁ
እህቴ፣ ሽማግሌ ግድግዳ ሊያይ ነው እንዴ የሚመጣው? የሚያስጨንቃቸው እሺ መባላቸው ነው። መጋረጃ ጣይበትና ተኚ።

እትዬ ቡና
አይ ልጄ፣ አንተ ሽማግሌ ሆነህ ሄደህ አታውቅም። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ቆሞ ምን የሚያይ መሰለህ? ግድግዳውን ነው!

ባለ ባጃጁ
😂 ተሸነፍኩ እትዬ።

ኢንጅነሩ
በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንረዳ። ዎልፔፐር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ላዩ ፕላስቲክ የሆነው (ቪኒል የሚባለው) ውሃ አያስገባም። ስለዚህ መጀመሪያ ላዩን በደረቁ ገፈሽ፣ የቀረውን ወረቀት ነው የምታረጥቢው። ያንቺ እሱ ነው። ማጣበቂያው አብዛኛውን ጊዜ ከስታርች ወይም ከሴሉሎስ የሚሠራ በመሆኑ ውሃ ሲያገኝ ይላላል። በነገራችን ላይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ አረንጓዴ የግድግዳ ወረቀት በአርሴኒክ ቀለም ይሠራ ነበር። አርሴኒክ መርዝ ነው። ቀለሙን የሠራው ሼሌ የሚባል ኬሚስት ሲሆን ጊዜውም 1775...

ሚጣ
ኢንጅነር፣ ልጅቷ እሑድ ሽማግሌ አለባት። 1775 ውስጥ ትተሃት ልትሄድ ነው?

ኢንጅነሩ
እየጨረስኩ ነበር። ከዎልፔፐሩ ሥር የድሮ ዘይት ቀለም ካለ በደረቁ አትፈግፍጊው። የድሮ ቀለም እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ይችላል፤ አቧራው በተለይ ለሕፃናት ጎጂ ነው። አዲስ ቀለም ውስጥ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ደንብ ወጥቷል። የድሮ ግድግዳ ግን ደንቡን አላነበበም።

ቶላ
የፈላ ውሃ በላርጎ። 15 ደቂቃ ጠብቂ።

ሚጣ
ከላይ ብያለሁ እኮ።

ቶላ
እኔም እያልኩ ነው።

ቀቢው
ቆይ፣ ቆይ። አንድ ጠብታ ሳታስነኪ ንገሪኝ። ቤቱ ብሎኬት ነው ጭቃ?

የአቶቴዋ
ጭቃ ነው። የአያቴ ቤት ነው፣ ላዩ በጀሶ ተለስኗል። ለውጥ አለው እንዴ? አንድ ጆግ ውሃ አፍስሼበታለሁ። ከታች በኩል እንደ ሊጥ ልስልስ ብሏል።

ቀቢው
በስመአብ! አቁሚ። ውሃ የሚባል ነገር ከዚያ ሳሎን ይውጣ።
የፈላ ውሃና ላርጎ በሲሚንቶ ለተለሰነ ብሎኬት ነው። እነ ሚጣ አልተሳሳቱም፣ አንቺ ነሽ ያልነገርሻቸው። ጭቃ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ጀሶውን ገፍቶ ይጥለዋል። ወረቀት አነሳለሁ ብለሽ ግድግዳ ታነሻለሽ።
ዛሬ ማታ ሶፋውን ከግድግዳው አርቂ፣ መስኮት ክፈቺ። ከረጠበው አጠገብ ሶኬት ካለ ብሬከሩን አውርጂ። ሌላ ምንም አትንኪ። ነገ በጠዋት እጽፍልሻለሁ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።

የአቶቴዋ
ሶኬት አለ። የቴሌቪዥኑ። እሺ አወረድኩት። ፎቶ ለጥፌያለሁ፣ እዩልኝ። ከታች በኩል ጥቁር ጥቁር ነገርም አለ።

ሀና ሐይቅ ዳር
ጥቁሩ ሻጋታ ነው። የሐይቁ እርጥበት ነው ያመጣው፣ እኛም ቤት አለ። በረኪናና አቼቶ ቀላቅለሽ እሺው፣ ድራሹ ይጠፋል።

ፋርማሲስቷ
በፍጹም! በረኪናና አቼቶ አይቀላቀሉም። መርዛም የክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ በተዘጋ ክፍል ሳንባ ይጎዳል። አንዱን ብቻ ተጠቀሚ። በረኪና ከሆነ አንድ እጁን በአሥር እጅ ውሃ አቅጥኚ፣ ጓንት አድርጊ። ጨርቁንም ጥብቅ አድርገሽ ጨምቂ፣ ቀቢው እንዳይቆጣ።

ሀና ሐይቅ ዳር
እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስቀላቅል ምንም አልሆንኩም።

ፋርማሲስቷ
እግዜር ስለጠበቀሽ ነው እህቴ። ሁለተኛ አታድርጊው።

ጋሽ አናጢው
ፎቶውን አየሁት። ልጄ፣ ችግርሽ ዎልፔፐሩ አይደለም። ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ የቡና ዝቃጭ የመሰለ መስመር አለ። ያ ዛሬ ያፈሰስሽው ጆግ አይደለም፣ የከረመ ነው። ሐይቁንም በከንቱ አትክሰሱት። ከሐይቅ ቢሆን አራቱም ግድግዳ ይረጥብ ነበር። የዚህ ግድግዳ ውጪው ምንድን ነው?

የአቶቴዋ
ጓሮው ነው። ክረምት ላይ አሸንዳው ተገንጥሎ ወድቋል። ዝናብ ሲዘንብ ከቆርቆሮው ቀጥ ብሎ እዚያ ግድግዳ ሥር ነው የሚወርደው። ግን ጋሼ፣ አሁን የቸገረኝ የውስጡ ነው።

ጋሽ አናጢው
የውስጡ ከውጪው ነው የመጣው። አሸንዳው ሳይመለስ የቀባሽው ቀለም ለመስከረም አይደርስም።

ባለ ባጃጁ
ጋሼ፣ እሷ ለእሑድ ይድረስላት ነው የምትለው፣ መስከረምን ማን ጠየቀ!

ቀቢው (ዓርብ፣ ጠዋት 1፡15)
ጋሼ ልክ ናቸው፣ ግን እሑድን እናሳልፋት።
የላላውን ብቻ በደረቁ አንሺ። ስፓቱላውን አስተኝተሽ ያዢው፤ ካቆምሽው ጀሶውን ይቦረቡራል። ወረቀቱን ወደ ራስሽ አትጎትቺ። ከግድግዳው ሳታርቂ ወደ ታች ሳቢው። አልነሳም ያለውን ተዪው፣ እሱ ግድግዳውን ወዷል።
ወረቀቱ በተነሳበት ቦታ ኮላ ቀርቷል። ጣትሽን ምራቅ አስነክተሽ እሺው። ካሟለጨ ኮላ ነው። በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጊው እንጂ አታጥቢው። ኮላው ከቀረ ቀለሙ በኋላ ይሰነጠቃል።
ከዚያ ዘይት ቀለም። የገዛሽውን ፕላስቲክ አሁን አትክፈቺው። ፕላስቲክ ቀለም በውሃ ነው የሚቀጥነው። ውሃው የድሮውን ኮላ ይቀሰቅሰውና ወረቀቱ እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል። ዘይቱን በአኳራጅ ትንሽ አቅጥነሽ አንድ እጅ አልብሺው፣ ወረቀቱንም ባዶውንም። የማያብረቀርቀውን ግዢ፤ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ፕላስቲኩ ላዩ ላይ አይይዝም። እስከ ቀትር ከጨረስሽ ሌሊቱን ይደርቃል።
ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱና ባዶው የሚገናኙበትን ጠርዝ በስቱኮ ሙዪ። ስስ አድርጊው፣ ወፍራም ስቱኮ እሑድም አይደርቅም። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው። ከዚያ ፕላስቲኩን ሁለት እጅ፣ በመሀሉ ሦስት አራት ሰዓት እያስደረቅሽ። ግድግዳው ስንት በስንት ነው?

የአቶቴዋ
በእርምጃ አራት ሜትር ይሆናል። ቁመቱ ሦስት አይሞላም።

ቀቢው
አንድ ሊትር 8 ካሬ ገደማ ይሸፍናል። 12 ካሬ ሁለት ጊዜ ማለት ሦስት ሊትር። አንድ ጋሎን ይበቃሻል።
ከታች የረጠበውን ግን አትቀቢው። እርጥብ ላይ የገባ ዘይት ቀለም ቆዳ ሆኖ ይነሳል። ሶፋውን አስጠጊበት።

እትዬ ቡና
ሽታውስ? ሽማግሌ በቀለም ሽታ ሊታፈን ነው? ቅዳሜ ማታ እጣን አጭሽበት ልጄ።

ቀቢው
እትዬ፣ ዓርብ ከሰልም እጣንም እዚያ ክፍል እንዳይገባ! አኳራጅ እሳት ይወዳል። ቅዳሜ ማታ ሽታው ከወጣ በኋላ ግድ የለም። እስከዚያ መስኮት ይከፈት።

ቶላ
ወይ ደግሞ የጡብ ምስል ያለው ስቲከር ፎም አለ፣ ራሱ የሚጣበቅ። ላጥ፣ ለጠፍ፣ ጨረስሽ።

ቀቢው
በደረቅና በለሰለሰ ግድግዳ ላይ ያምራል። እዚህ ላይ ግን ሽማግሌው «ልጃችሁን ለልጃችን» ሲል አንዱ ጡብ ትከሻው ላይ ይወድቃል።

የአቶቴዋ (ዓርብ፣ 6፡20)
ዘይቱን ቀብቼ ጨረስኩ። ከእጄ አይለቅም። መሀል ላይ አንድ ቦታ፣ የሳህን ያህል፣ ጀሶው ከነወረቀቱ ወርዶ ጭቃውና ጭዱ ይታያል። አልነካሁትም። ምን ልሙላው? አባቴ ከይርጋለም ተነስቻለሁ ብሎ ደወለ። ማታ እንጂ ቀን አላለም ነበር!

ቀቢው
በስቱኮ ብቻ አትሙዪው፣ ይሰነጠቃል። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አራግፊ፣ በእርጥብ ጨርቅ ነካ አድርጊው። ጀሶ ወፈር አድርገሽ በጥብጠሽ፣ ከግድግዳው ልክ ትንሽ ዝቅ እስኪል ሙዪ። ጀሶ በደቂቃዎች ስለሚይዝ ትንሽ ትንሽ በጥብጪ። ስቱኮው ነገ ላዩ ላይ ነው። የደረቀው ጀሶ ላይም ከስቱኮው በፊት ያንኑ ዘይት አስነኪው።

ጋሽ አናጢው
ለአባትሽ አሸንዳውን አሳዪው። ከግድግዳው ይልቅ በዚያ ነው የሚያፍረው።

ባለ ባጃጁ
ካሌንደር! ሳህን የምታህለውን ቀዳዳ ካሌንደር ይሸፍናታል። የእኔ አባት 20 ዓመት እንደዚያ ነው የኖረው።

ቀቢው (ቅዳሜ፣ ማታ 1፡00)
እህቴ፣ ስቱኮው ደረቀ? ስንተኛ እጅ ላይ ነሽ?

ሚጣ (እሑድ፣ 5፡30)
ኧረ የአቶቴዋ! ምን ሆነ? አባትሽ ምን አሉ? ሽማግሌዎቹስ?

ባለ ባጃጁ
ጠዋት ሰው ሳደርስ በአቶቴ በኩል አልፌ ነበር። የሆነ ቤት እልልታ ሰምቻለሁ። ግድግዳው የየትኛው እንደሆነ ግን አላየሁም።

ሀና ሐይቅ ዳር
ቀቢው፣ ይቅርታ፣ በዚሁ አጋጣሚ። የእኔ ኩሽና ላይ ያለው ዎልፔፐር ዘይት ጠጥቶ ቢጫ ሆኗል። ብሎኬት ነው፣ ቀድሜ ተናግሬያለሁ። በረኪናውን ትቻለሁ። ከየት ልጀምር?