ለመጀመሪያ ጊዜ በኦንላይን ጨረታ ልጫረት ነው፤ የዋጋ ጣሪያዬን አሁን ላስገባ ወይስ ልጠብቅ?

ጀማሪ ተጫራች፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኢቤይ ላይ ያገለገለ የካሜራ ሌንስ አይቻለሁ። ዋጋው አሁን 40 ዶላር ደርሷል፤ ሊዘጋ 2 ቀን ቀርቶታል። ከ100 ዶላር በላይ መክፈል አልፈልግም። አሁኑኑ 100 ብዬ ላስገባ ወይስ ትንሽ በትንሽ ልጨምር?

ሚዛን፦ ትንሽ በትንሽ መጨመሩን ተወው ወንድሜ። ያስገባኸውን ጣሪያ ሌላ ተጫራች አያየውም። ሲስተሙ ራሱ በአንተ ፈንታ ይጫረታል፤ የሚጨምረውም ተፎካካሪህን ለማለፍ የሚበቃውን ብቻ ነው። አንተ 100 ብለህ የሌላው ጣሪያ 62 ቢሆን የምትከፍለው 63 ነው፤ ከ25 እስከ 99.99 ዶላር ድረስ የጭማሪው እርከን 1 ዶላር ነውና።

ትንሽ በትንሽ ስትጨምር ሌላውን እልህ ታስገባዋለህ፣ አንተም ትገባለህ። «ተበልጠሃል» የሚል መልእክት ሲደርስህ «5 ዶላር ብቻ ልጨምር» ማለት ይመጣል፤ ሰው ከገበያ ዋጋ በላይ የሚገዛው እዚያች ላይ ነው። ስለዚህ ጣሪያህን በወረቀት ጽፈህ በመጨረሻዎቹ 10 ሰከንዶች አንድ ጊዜ ብቻ አስገባ። ኢንተርኔትህ ቀርፋፋ ከሆነ ትንሽ ቀደም በል። ድፍን ቁጥርም አታስገባ፤ ሌላው ቀድሞህ ጣሪያዬ 100 ነው ብሎ ከሆነ አንተም 100 ብትል የሚያሸንፈው እሱ ነው፣ የሚታየው ዋጋ ገና ዝቅ ብሎ ሳለ 101.37 ብትል ግን ታልፈዋለህ።

የሒሳብ ሰው፦ የሚዛን ምክር ኢቤይ ላይ ይሠራል። በርካታ አጫራች ድርጅቶች ግን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ዋጋ በገባ ቁጥር መዝጊያውን ያራዝማሉ፤ እዚያ መጨረሻ ሰከንድ የሚባል ነገር የለም። ከአሸናፊው ላይ ኮሚሽን የሚወስዱም አሉ። ኮሚሽኑ 20 በመቶ፣ ማጓጓዣው 90 ቢሆንና በጠቅላላ ከ1,000 በላይ ማውጣት ባትፈልግ፣ 90ውን ቀንሰህ ቀሪውን ለ1.2 አካፍል፤ ጣሪያህ 758 ነው። ቀረጥና ታክስ ካለ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል።

ዋጋ ለማወቅ «የተሸጡ» የሚለውን ማጣሪያ ተጠቀም። ሻጭ የጠየቀው ዋጋ ምኞቱ ነው፣ ገዢ የከፈለው ግን ገበያው ነው።

ጀማሪ ተጫራች፦ በጣም አመሰግናለሁ። ሻጩ «አልተፈተሸም» ብሎ ጽፏል። ችግር አለው?

ብርሃን፦ አለው። ለመፈተሽ ካሜራ ላይ መግጠም ብቻ ይበቃ ነበር፤ እንደማይሠራ ቆጥረህ ተጫረት። ጨረታው ሳይዘጋ በሳይቱ መልእክት ጻፍለት፦ ከሌንሱ ኋላ የስልክ መብራት አብርቶ በፊት በኩል ፎቶ ያንሳልህ። እንደ ሸረሪት ድር የተሰራጨ ነጭ ክር ካየህ ሻጋታ ነው፣ መስታወቱን በልቶት ሊሆን ይችላል። ጉም የመሰለ ብዥታ ካለም ተወው። የዲያፍራሙ (የብርሃን መግቢያ ቀዳዳውን የሚያሰፋውና የሚያጠበው ክፍል) ቅጠሎች ላይ ዘይት ካለ በፎቶው ያብረቀርቃል፤ ያኔ ቀዳዳው በጊዜ አይጠብም፣ ፎቶው ከልክ በላይ ብርሃን ይገባበታል።

«ከሳይቱ ውጭ ክፈለኝ፣ እቀንስልሃለሁ» ቢልህ እሺ አትበል፤ የገዢ ዋስትናው ለዚያ ክፍያ አይሠራም። ቁጥር ስታስገባ ደግሞ ነጥቧን ሁለቴ እያት፤ 99.50 ልትል 9950 ብትል ወዲያው ሰርዘህ ትክክለኛውን አስገባ፣ ከተዘጋ በኋላ ከሻጩ ጋር መለማመጥ ነው።