የኡቢክን አነባበብ ከድምፅ ቅጂ መማር ይቻላልን?

ጥያቄ፦
የኡቢክ ቋንቋ በጥቁር ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በዛሬዋ ሶቺ አካባቢ ይነገር ነበር። ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ1864 በሩሲያ ጦር ተሸንፎ ወደ ኦቶማን ግዛት ከተሰደደ በኋላ ቋንቋው እየተዳከመ ሄዶ፣ አቀላጥፈው ይናገሩት ከነበሩት የመጨረሻው የሆኑት ቴቭፊክ ኤሴንች በ1992 ሲያርፉ ተናጋሪ አልባ ሆነ። የኤሴንች ድምፅ ተቀርጾ ይገኛል። አማርኛ ተናጋሪ ሰው እርሱን እያዳመጠና በፊደላችን እየጻፈ አነባበቡን በትክክል ሊይዝ ይችላል?

መልስ፦
በከፊል ይቻላል። ጥ፣ ጭ፣ ጵ፣ ጽ እና ቅ ስንል ጉሮሯችንን ዘግተን እንደምናፈነዳቸው ሁሉ ኡቢክም ፈንጂ ድምፆች በብዛት አሉት፤ እንደ ኳ እና ጓ ከንፈርን አሹሎ መናገርም ለእኛ እንግዳ አይደለም። አስቸጋሪው ሌላው ነው። ቋንቋው 84 ያህል ተነባቢዎች ሲኖሩት፣ በምላስ ጀርባና በላንቃ የሚፈጠሩትን ከእንጥል አካባቢ ከሚወጡት ይለያል፤ ከ«ስ» እና «ሽ» ጋር የሚቀራረቡ፣ ጆሯችን በቀላሉ የማይለያቸው በርካታ ድምፆችም አሉት። በፊደላችን ብቻ ከጻፉ የተለያዩ ቃላት አንድ መስለው ይቀራሉ፤ ስለዚህ ፊደሉን ለማስታወሻ ይጠቀሙበት፣ ዳኛው ግን ቅጂው ይሁን።

መልስ፦
በዚህ ላይ የምጨምረው ስለ አናባቢዎቹ ነው። መሠረታዊዎቹ 2 ብቻ ናቸው ቢባልም ሲያዳምጡ ኡ፣ ኦ እና ኢ የሚመስሉ ድምፆችን መስማትዎ አይቀርም፤ አናባቢውን እንዲህ የሚቀይሩት በአጠገቡ ያሉት ተነባቢዎች ናቸው። የፈረንሳይ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ማዕከል በሚያስተዳድረው ፓንግሎስ የተባለ የድምፅ ማኅደር ውስጥ የኡቢክ ትረካዎች ከጽሑፋቸው ጋር በነፃ ይገኛሉ። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር መርጠው ጽሑፉን ሳያዩ ደጋግመው ያዳምጡ፤ ልዩነቱ ከተሰማዎ በኋላ ብቻ ጽሑፉን ይክፈቱ። ጽሑፉን ያስቀደመ ሰው የሚሰማው ያነበበውን ነው።

መልስ፦
ሁለቱም መልሶች ትክክል ናቸው፤ ሆኖም «በትክክል» የሚለው ቃል ያሳስበኛል። ስለ አነባበቡ የምናውቀው አብዛኛው ከኤሴንች አንደበት የተወሰደ ሲሆን፣ ከእርሳቸው ጋር ለብዙ ዓመታት የሠራው ፈረንሳዊው የቋንቋ ተመራማሪ ጆርጅ ዱሜዚል ራሱ አንዳንድ የተነባቢ ልዩነቶች የጠፉበትን ሌላ ዘዬ የሚናገር ሰው አግኝቶ በ1960ዎቹ ጽፎበታል። ስለዚህ ማስታወሻዎ ላይ «የኤሴንች አነባበብ» ብለው ይመዝግቡ። ለሌሎች ሲያስተምሩም ይህንኑ ይንገሯቸው፤ በቱርክ የሚኖሩት የኡቢክ ተወላጆች የአያቶቻቸው አነጋገር ከቅጂው ቢለይ ስሕተት ነበር እንዲባልባቸው አልፈልግም።