ስኪዞፍሬኒያ ላለበት ልጅ እናት፦ ለጥያቄሽ መልስ

ሰላም እህቴ፣ ሰላም ለሁላችሁም።

ልጅሽ 20 ዓመቱ ነው። ኮሌጁን አቋርጦ ቤዝመንት ውስጥ ይውላል፤ ሐኪሞቹም ስኪዞፍሬኒያ ብለውሻል፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማ፣ ሰውን የሚያጠራጥር የአእምሮ ሕመም ነው። ከሁሉም ያስጨነቀኝ ግን መጨረሻ ላይ የጻፍሽው ነው፤ «ለማንም አልተናገርኩም፣ ወንድሞቼም አያውቁም» ያልሽው። እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ታናሽ ወንድሜ ይኸው ሕመም አለበት፤ ከእናቴ ጋር ሆነን ዓመታት አሳልፈናል። ሐኪም አይደለሁም። የምጽፍልሽ ያየሁትንና የተማርኩትን ነው።

በመጀመሪያ ይህ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ሁለት ሥራ ስለሠራሽ፣ ወይም ሰው ስለረገመሽ የመጣ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ300 ሰው አንዱ ገደማ ይህ ሕመም አለበት። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም ከአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ ባለው ጊዜ ነው። ወንዶች ላይ ደግሞ ቀደም ይላል። ልጅሽ ልክ እዚያ ዕድሜ ላይ ነው።

ባለቤትሽ «ሰነፈ እንጂ ምን ሆነ?» ይላል ብለሻል። ብዙ አባቶች እንደዚያ ይላሉ፤ አልፈርድበትም። ሰው የሚያውቀው ድምፅ መስማቱንና መጠራጠሩን ነው። የሕመሙ ሌላው ገጽታ ግን ጸጥ ያለ ነው። ፍላጎት ይጠፋል፣ ወሬ ያጥራል፣ ገላ መታጠብ እንኳ ተራራ ይሆናል። መድኃኒቱ ድምፁን ሲያስታግሥ ይህን ግን ያን ያህል አያነሣውም። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ «ተነሥ፣ እንደ ሰው ሁን» ቢባል የሚችለውን አይጨምርለትም።

እዚህ ላይ አንድ ጥናት ልንገርሽ፤ እኔን ብዙ ረድቶኛል። በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ ጆርጅ ብራውን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ከአእምሮ ሆስፒታል የወጡ ሰዎችን ተከታተለ። ወደ ወላጆቻቸው ወይም ወደ ትዳር ጓደኞቻቸው የተመለሱት፣ ወንድምና እህት ጋ ከገቡት ወይም ክፍል ተከራይተው ከኖሩት ይበልጥ ሕመሙ አገረሸባቸው። ምክንያቱን ሲፈልጉ ሦስት ነገር አገኙ፦ ነቀፋ፣ ጥላቻ ያለበት ቁጣ፣ እና ከልክ ያለፈ መንሰፍሰፍ። ሦስተኛዋን አስተውያት። እኛ ጋ ፍቅር ማለት እሷ ናት። በር ላይ ቆሞ ማዳመጥ፣ ማጉረስ፣ እሱ ሳይተኛ አለመተኛት። በኋላ የመጡት ጥናቶች ደግሞ እንዲህ ያለ ውጥረት ባለበት ቤት በሳምንት ከ35 ሰዓት በላይ ፊት ለፊት አብሮ መዋል አደጋውን እንደሚጨምር አሳዩ። ቤተሰብ ሕመሙን ያመጣል ማለት አይደለም። ቤቱ ሲረጋጋ ግን እሱም ይረጋጋል። ቤተሰቡን ስለ ሕመሙ ማስተማር ማገርሸትን እንደሚቀንስ በብዙ አገር ታይቷል።

አሁን ቤትሽን አስቢው። አንቺ፣ አባቱ፣ እሱ፣ በሩ የተዘጋ። የሚያሳርፍሽ ሰው የለም። የሚያወራው ሌላ ሰው የለም። ሚስጥሩ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

እኛ እኮ ሰው መጠየቅ እናውቃለን። ለአራስ ገንፎ ይገነፋል። ለቅሶ ቤት ሳምንቱን ሙሉ ምግብ ይመላለሳል። አንድ ሰው ልቡን ኦፕራሲዮን ከሆነ የሆስፒታሉ ኮሪደር በእኛ ይሞላል። የአእምሮ ክፍል የገባ ልጅ ግን ጠያቂ የለውም፤ ቤተሰቡ ስለደበቀው። የሚደበቅበትን ምክንያት አውቃለሁ። «እብድ ያለበት ቤት» መባል አለ፣ የእህቱ ትዳር አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ወሬ አለ። ስለዚህ ለሁሉ ንገሪ አልልሽም። ለሁለት ቤት ንገሪ። አፋቸው ጥብቅ የሆነ፣ የማይሰብኩ፣ ሲመጡ ቤቱን የማያስጨንቁ ሰዎች ምረጪ። «ልጄን አሞታል፣ ሕመሙ የአእምሮ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአንድ ሰዓት ያህል ከእሱ ጋ የሚሆን ሰው እፈልጋለሁ» በያቸው። የምትፈልጊውን ቁርጥ አድርገሽ ስትናገሪ ሰው አይሸሽም፤ የሚሸሸው ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ሲቀር ነው።

ከእድራችን አንድ ጋሼ አሉ፤ ኡበር ይነዳሉ። ቅዳሜ ጠዋት ይመጡና ከደጅ ሆነው ወንድሜን «ና እስቲ፣ መኪናዋን እንጠባት» ይሉታል። ስለ መድኃኒት ጠይቀውት አያውቁም። ስለ አርሰናል ያወራሉ። ወንድሜ ዝም ካለ እሳቸውም ዝም ይላሉ። ጎማውን የሚያጥበው እሱ ነው፤ ሥራው ተከፋፍሏል። በዚያ ሰዓት እናቴ ትተኛለች። ይኸው ነው። እኔ ግን ከብዙ ቀጠሮ ይልቅ ይህ እንደጠቀመው አያለሁ።

አገር ቤትም ይህ በደንብ ተፈትኗል። በጉራጌ አካባቢ፣ ሶዶ ወረዳ ውስጥ፣ የጤና ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎች ሠልጥነው ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ቤት ለቤት ይጎበኙ ነበር። ቤተሰቡን ያስተምራሉ፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎችና መሪዎች ያነጋግራሉ፣ ሕመምተኛው ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ እንዲመለስ ያግዛሉ። ከ12 ወር በኋላ በጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ይህ ድጋፍ የተጨመረላቸው የዕለት ኑሯቸውን በመምራት ተሽለው ተገኙ። ያለ መድኃኒት ተሻላቸው አልተባለም፤ መድኃኒቱም ጎረቤቱም ነበራቸው።

ጠበል ልውሰደው ወይ ብለሻል። እሱ ከፈለገ ውሰጂው። ሳይፈልግ በግድ ግን አይሁን። መድኃኒቱን ደግሞ ለአንድ ቀንም አታቋርጪ፤ ጠበል ሲጀመር ክኒን ሲጣል ሕመሙ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። በ2007 እ.ኤ.አ. አቡነ ጳውሎስ ኤችአይቪ ያለባቸው ምእመናን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ፣ ሁለቱ እንደማይጋጩ በይፋ ተናግረው ነበር። ለዚህም ሕመም ያንኑ ይዤ እሄዳለሁ። ካህኑን ቀድመሽ አነጋግሪ፤ መድኃኒት እንደሚወስድ ይወቁ። ክኒን መዋጥ ከሰለቸው ሐኪሙን ስለ መርፌው ጠይቂ፤ በወር አንዴ ወይም ከዚያ በረዘመ ጊዜ የሚሰጥ አለ። ጫትና ማሪዋና ግን ይራቁ፤ ሁለቱም ያባብሱበታል።

ስለ ንግግር አንድ ነገር ላሳይሽ። ወንድሜ አንድ ቀን «ቡናው ውስጥ መርዝ አለ» ብሎ ሲኒውን መለሰ። እናቴ ልትምል ተነሣች፤ «በማርያም! የገዛ እናትህ!» አክስቴ እጇን ያዘቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንደሱ ሲመስልህ ያስፈራል። ተወው። ውኃ ልቅዳልህ ወይስ ራስህ ትቀዳለህ?» አለችው። ተነሥቶ ከቧንቧው ራሱ ቀዳ። ተመልሶም አጠገባችን ተቀመጠ። እውነትህን ነው አላለችውም። ውሸት ነውም አላለችውም። ፍርሃቱን ብቻ ነው የያዘችለት። ይህ ሕመም ያለበት ብዙ ሰው መታመሙን ራሱ አያውቀውም፤ ይህ የሕመሙ ክፍል ነው እንጂ ግትርነት አይደለም። ክርክር አያሸንፈውም።

የወረቀቱን ነገር ባጭሩ ልበልሽ። ልጅሽ ከ18 በላይ ስለሆነ ሐኪሙ ያለ ፈቃዱ አይነግርሽ ይሆናል። አንቺ ግን ለሐኪሙ መናገር ትችያለሽ፤ ሕጉ አይከለክልሽም። ያየሽውን ጽፈሽ ስጪ፦ መቼ እንዳልተኛ፣ ምን እንደሰማ፣ መቼ ምግብ እንደተወ። ሲረጋጋ ደግሞ ሐኪሙ እንዲያነጋግርሽ ፈቃድ እንዲፈርምልሽ ጠይቂው። ታናሽ እህቱን አስተርጓሚ አታድርጊያት፤ የወንድሟን ቅዠት እንግሊዝኛ ማድረግ የልጅ ሥራ አይደለም። ሆስፒታሉ ነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት፣ «አማርኛ» በያቸው። ገና የጀመረው ከሆነ «ለመጀመሪያ ጊዜ ለታመሙ ወጣቶች የሚሠራ ቡድን አለ?» ብለሽ ጠይቂ። በየክፍለ ግዛቱ አሉ፤ ሕክምናውን፣ ትምህርቱንና ሥራውን፣ የቤተሰቡንም ነገር አንድ ላይ ይይዛሉ። ባንቺ ኢንሹራንስ እስከ 26 ዓመቱ ይቆያል። ናሚ (NAMI) የሚባለው፣ የአእምሮ ሕመም ላለባቸውና ለቤተሰቦቻቸው የሚሠራ ድርጅት፣ ለቤተሰቦች የ8 ክፍለ ጊዜ ነፃ ትምህርት አለው፤ ባለቤትሽን ይዘሽው ሂጂ። ከጎኑ የተቀመጠ ሌላ አባት ስለ ልጁ ሲያወራ መስማቱ ካንቺ ምክር ይበልጣል።

ሌሊት ነገሩ ከጠነከረ ወደ 988 ደውዪ፤ ለአእምሮ ቀውስ ጊዜ የሚደወልበት መስመር ነው። የግድ 911 ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ «የአእምሮ ሕመም አለበት» በዪ፤ መሣሪያ ከሌለውም «መሣሪያ የለውም» ብለሽ ጨምሪ። ለዚህ የሠለጠነ፣ ሲአይቲ የሚሉት ፖሊስ እንዲመጣም ጠይቂ። መብራቱን አብሪ፣ ታናናሾቹን ወደ ሌላ ክፍል አስገቢ።

ሌሎቻችሁ ይህን የምታነቡ፣ እንዲህ ያለ ቤት ካወቃችሁ ደውላችሁ ሂዱ። ትንሽ ቆዩ። እሱን በስሙ ጥሩት፤ በፊቱ ስለ እሱ ከእናቱ ጋር አትንሾካሾኩ። «እገሌ በጾምና በጸሎት ዳነ» የሚለውን ለጊዜው ተዉት። በሚቀጥለው ወርም ተመለሱ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ሰው ይመጣል።

የታላቅ እህቱ ሠርግ ላይ ይገኝ ወይ ላልሽው፣ ከፈለገ ይገኝ። ከስፒከሩ ራቅ ብሎ፣ በሩ አጠገብ አስቀምጪው። ከሚወደው ሰው ጋር ይቀመጥ፤ ያ ሰው የራሱ መኪና ይኑረው፣ ሲደክመው ሳያስረዳ ይውሰደው። ፎቶ ካልፈለገ ይቅር። አንዷ «ልጅሽ ምን ሆኖ ነው?» ካለችሽ «አሞት ነበር፣ እየታከመ ነው» በያት። ከዚያ በላይ የመመለስ ግዴታ የለብሽም። ስልኬን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፤ ከሥራ የምወጣው ማታ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ደውዪልኝ።