ለጅማ ቤታችን የትኛው ምድጃ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ጅሬን አካባቢ የምንኖር ባለ ትልቅ ቤተሰብ ነን። አዲስ ምድጃ ለመግዛት አስበን በተራ ኤሌክትሪክ፣ በኢንዳክሽንና በቡታጋዝ መካከል መወሰን አቅቶናል። እንጀራ የምንጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሆን፣ ድስቶቻችን በአብዛኛው የአሉሚኒየም ናቸው፤ መብራትም አልፎ አልፎ ይጠፋብናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ኢንዳክሽን ሙቀቱን በማግኔት መስክ አማካይነት በድስቱ ሥር ላይ የሚፈጥር በመሆኑ፣ የአሉሚኒየም ድስትም ሆነ የሸክላ ጀበና በተለመደው ዓይነት ላይ አይሠራም። ማግኔት ከድስቶችዎ ሥር ያስጠጉ፤ ካልያዘ የአዲስ ድስቶችን ዋጋ ከምድጃው ዋጋ ጋር ይደምሩ። ጅማ ተቀምጦ ጀበና የማይጣድበት ምድጃ መግዛት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለእኔ አይዋጥልኝም።

መልስ፦ አስቀድሞ መታየት ያለበት የቤቱ መስመር ነው። 2000 ዋት ምድጃ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል፣ 3500 ዋት ምጣድ ደግሞ 16 አምፔር ያህል ስለሚስቡ፣ ሁለቱን ከአንድ ማከፋፈያ ገመድ ላይ መሰካት ገመዱን እስከ ማቅለጥ ሊያደርስ ይችላል። ለእያንዳንዳቸው የራሱ መስመርና ብሬከር በባለሙያ ይዘርጋላቸው።

መልስ፦ መብራት የሚጠፋ ከሆነ የጋዝና የኤሌክትሪክ ማብሰያ በአንድነት ያለውን ይምረጡ። የቡታጋዝ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ፣ አየር በሚገባበት ቦታ ይቁም። መጋጠሚያውን በክብሪት ሳይሆን በሳሙና አረፋ ይፈትሹ።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ። ኢንዳክሽኑን ትተነዋል፤ ቅዳሜ ጥምሩን እናያለን።