ወንዝ ዳር ጫካ ውስጥ ድንኳን መትከል፦ የት? ብርዱና እርጥበቱስ?

ሁለት_ድንኳን፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አራት ሆነን በሁለት ድንኳን ለሦስት ሌሊት ተራራ ላይ ልናድር ነው። የካምፕ ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ነው። ጫካ ነው፤ በመካከሉ ወንዝ ያልፋል፤ ከውሃው ጠርዝ እስከ ዳገቱ ድረስ የፈለጉት ቦታ መትከል ይፈቀዳል። ከወንዙ ምን ያህል እንራቅ? ዝናብ ሳይኖር ድንኳን ጠዋት ጠዋት ውስጡ የሚረጥበው ለምንድን ነው? ስሊፒንግ ባጎቹ ላይ «0 ዲግሪ» ይላል፤ ይበቃል? የወንዙን ውሃ እንጠጣ ብንልስ? ምድጃችን በቆርቆሮ ጋዝ የሚሠራ ነው።

ካስማ፦
መጀመሪያ ቦታውን ጨርሱ፤ ግማሹ ጥያቄያችሁ እዚያው ይመለሳል።

ውሃው ጠርዝ ላይ ያለው ለጥ ያለ መሬት ዓይን ይስባል። ለጥ ያለው ግን ወንዙ በሞላ ቁጥር ደለል እያነጠፈበት ነው። የት ድረስ እንደሚሞላ ዛፎቹ ይናገራሉ፦ ቅርንጫፍ ላይ ተሰክቶ የቀረ ጭራሮና ሣር፣ ግንድ ላይ የደረቀ የጭቃ መስመር፣ ወንዙ በሚመጣበት በኩል የተላጠ ቅርፊት። ከዚያ ምልክት በላይ ቢያንስ ሁለት ሜትር ከፍ በሉ። ሁለት ሜትር የምለው በቁመት ነው። «ከውሃ 60 ሜትር ራቁ» የሚባለው ወንዙን እንዳትበክሉና ውሃ ለመጠጣት የሚመጡ እንስሳትን እንዳትረብሹ ነው፤ ለጎርፍ ግን 60 ሜትር ሜዳ ምንም አያድንም።

እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ላይኛው ተራራ ላይ ሊዘንብ ይችላል። ማታ ውሃው ጠርዝ ላይ እንጨት ትከሉና ከመተኛታችሁ በፊት በባትሪ እዩት። ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ በብዛት መውረድ ከጀመረ፣ ወይም ከሥር ድንጋይ ሲንከባለል ከተሰማ ዕቃ መሰብሰብ የለም፤ በጎን ወደ ዳገቱ መውጣት ብቻ ነው። በወንዙ አቅጣጫ ቁልቁል የሚሮጥ ሰው ጎርፉን አይቀድመውም። ለመሻገርም አትሞክሩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በፍጥነት የሚወርድ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል።

ከዚያ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። የደረቀ ዛፍ፣ ተሰብሮ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ እንጨት፣ ሥሩ በወንዙ የተቦረቦረ ዛፍ ካለ የሚወድቅበትን ርቀት ገምቱና ከዚያ ውጪ ትከሉ። ነፋስ ባይኖርም ይወድቃል።

ጤዛ፦
ካስማ ባለው ላይ ብርዱን ልጨምር። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ከዳገቱ እየወረደ ሸለቆው ወለል ላይ ይተኛል። ከወንዙ 10 ወይም 20 ሜትር ከፍ ያለ ደልዳላ ቦታ ብታገኙ በጥቂት ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል። ውርጩ ጠዋት ታች ሣሩ ላይ ብቻ ነጥቶ የሚታየው ለዚህ ነው።

ስለ እርጥበቱ፦ ሁለት ሰው ሲተኛ በትንፋሽና በላብ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ ሊትር ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። የውጪው ሸራ ደግሞ ጥርት ባለ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚሰጥ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ሁለቱ ሲገናኙ ጠብታ ነው። ዛፍ ሥር ስትሆኑ ቅጠሉ ሸራውን ከሰማይ ስለሚጋርደው ጤዛው ይቀንሳል፤ ዋጋው ዝናብ ካቆመ በኋላ ለሰዓታት የሚንጠባጠብ ውሃ ነው። እኔ ጠንካራ ዛፍ እስከሆነ ድረስ ጥላውን እመርጣለሁ።

የላይኛውንም የታችኛውንም የአየር መግቢያ ክፍት አድርጉ፤ አንዱ ብቻ ከተከፈተ አየር አይዘዋወርም። የውጪው ሸራ የውስጡን እንዳይነካ ገመዶቹን ወጥሩ። ሸራው ናይሎን ከሆነ ሲረጥብ ይለጠጣል፤ ማታ 12 ሰዓት የተወጠረው 4 ሰዓት ላይ ረግቦ ታገኙታላችሁ፤ ከመተኛታችሁ በፊት እንደገና ሳቡት። ከሥር የምታነጥፉት ላስቲክ ከድንኳኑ ወለል በየጎኑ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠር። ጫፉ ወደ ውጪ ከወጣ ዝናቡን ተቀብሎ ከሥራችሁ ያጠራቅመዋል። እርጥብ ልብስ ድንኳን ውስጥ አታስጡ።

ሙቀት_ፈላጊ፦
ይህን ሁሉ ከምትደክሙ ዘግታችሁ ተኙ። ይሞቃል።

ጤዛ፦
@ሙቀት_ፈላጊ የመጀመሪያውን ሰዓት ይሞቃል። ከዚያ ጠብታው ስሊፒንግ ባጉ ላይ ይወርዳል፤ በተለይ ላባ የተሞላ ባግ ከረጠበ ተጣብቆ ሙቀት መያዝ ያቆማል። በሁለተኛው ሌሊት ከመጀመሪያው የባሰ ብርድ የሚሰማው በዚህ ነው።

«0 ዲግሪ» ላሉት፦ መለያው ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጉ። አንዱ ሰው ተመችቶት የሚተኛበት ነው፤ ሌላው፣ ዝቅተኛው፣ ተኮራምቶ እንደ ምንም የሚያድርበት ገደብ ነው። ፊት ለፊት በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። 0 ገደቡ ከሆነ ምቾቱ 5 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ ለዚያ ከፍታ ያንሳል።

ከባጉ በላይ የሚረሳው ምንጣፉ ነው። ከጎናችሁ ሥር ያለው የባጉ ሙሌት ስለሚጨፈለቅ ከመሬት የሚከላከላችሁ ምንጣፉ ብቻ ነው። የሙቀት መከላከል አቅሙ በ«አር» ቁጥር ይጻፋል፤ ለውርጭ መሬት 4 እና ከዚያ በላይ ፈልጉ። ቁጥሩ ስለሚደመር የሚነፋው ምንጣፍ 2 ከሆነ ሌላ 2 የሆነ የስፖንጅ ምንጣፍ ከሥሩ መደረብ በቂ ነው። የሚነፋው ደግሞ አየሩ ሲቀዘቅዝ ስለሚላላ ከመተኛታችሁ በፊት ትንሽ ጨምሩበት።

ነበልባል፦
ጋዙን በተመለከተ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ድብልቅ እዩ። ተራ ቡቴን ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ላይ፣ አይሶቡቴን ከዜሮ በታች 12 ገደማ፣ ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ላይ ነው ወደ ጋዝ መቀየር የሚያቆሙት። ይህ በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ ከፍታው ጥቂት ያግዛችኋል። ግን ቆርቆሮው ጋዝ ሲሰጥ ራሱን ስለሚያቀዘቅዝ ተራ ቡቴን ጠዋት ላይ እየደከመ ይጠፋል። አይሶቡቴንና ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ያዙ፤ ሌሊት ቆርቆሮውን ባጋችሁ ውስጥ አሳድሩት። ካስፈለገ ለብ ባለ ውሃ ላይ አቁሙት፤ የፈላ ውሃ ግን አይሆንም። የነፋስ መከላከያ ቆርቆሮውን ዙሪያውን ከከበበው ሙቀቱ ተመልሶ ሊያፈነዳው ይችላል፤ በአንድ በኩል ብቻ ጋርዱ። ድንኳን ውስጥ ምድጃም ሆነ ከሰል አይታሰብም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታ የለውም።

ውሃ፦ 2800 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ማጣሪያ ከያዛችሁ 0.1 ወይም 0.2 ማይክሮን የሆነው ባክቴሪያንና ጃርዲያን ይይዛል፤ ቫይረስ ግን ያልፋል። ከላይ ሰው ወይም ከብት ካለ አጣርታችሁም አፍሉ። የደፈረሰ ውሃ ማጣሪያውን ወዲያው ይደፍነዋል፤ በባልዲ አቆዩትና ሲጠል ከላይ ቀድታችሁ በጨርቅ አሳልፉት። በቀጫጭን ቱቦዎች የሚሠራ ማጣሪያ አንዴ ውሃ ከነካው በኋላ ውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ከሆነ ቱቦዎቹ ሊሰነጠቁ ይችላሉ፤ በዓይን አይታይም። እሱም ከጋዙ ጋር ባግ ውስጥ ይደር።

እሳት ከፈቀዱላችሁ ከወንዝ የወጣ ድንጋይ ጉልቻ አታድርጉ። ውስጡ የገባው ውሃ ሲተን ድንጋዩ ፈንድቶ ስብርባሪው ዓይን ያጠፋል።

ሁለት_ድንኳን፦
እግዜር ይስጥልን። አንድ ነገር ብቻ፦ ከፍ ያለው ደልዳላ ቦታ ላይ አፈሩ የበሰበሰ ቅጠል ነው፤ ካስማው ሲሳብ በቀላሉ ይወጣል። ምን ይሻላል?

ካስማ፦
ልቅ የሆነውን ቅጠል ጥረጉና ጠንካራው አፈር እስኪመጣ ግፉት፤ ስትጨርሱ መልሱት። ከድንኳኑ ጋር የሚመጣው አጭር ካስማ እዚያ አይይዝም፤ 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ጠፍጣፋ ወይም ባለ ሦስት ጠርዝ ያስፈልጋል። አናቱን ከድንኳኑ አርቃችሁ በማዘንበል እስከ አንገቱ ቅበሩት። ያም ካልያዘ ክንድ የሚያህል የወደቀ እንጨት ወገቡ ላይ ገመዱን እሰሩና 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ለገመዱ አግድም አጋድማችሁ አፈሩን እየረገጣችሁ ሙሉበት። አሸዋ ላይም ይሠራል። ገመዱን ዛፍ ላይ የምታስሩ ከሆነ ቅርፊቱን እንዳይቆርጥ ጨርቅ ጣል አድርጉ፤ ነፋስ ሲነሳ ዛፉ ስለሚወዛወዝ ለነፋስ ሌሊት ግንድ ላይ ባይታሰር ይመረጣል።